ኢሜይል ይገባል፣ አይወጣም፦ የወጪ ሰርቨር ሴቲንግ ከየት ይገኛል?

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ኮምፒውተራቸው ላይ በተጫነ ፕሮግራም ኢሜይል መጠቀም ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ፕሮግራሙ ተንደርበርድ ሊሆን ይችላል፣ አውትሉክ ወይም አፕል ሜይልም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን ያው ነው። አካውንቱ ይከፈታል። የቆዩት መልእክቶች ግር ብለው ይገባሉ። ደስ ይላል። ከዚያ የመጀመሪያውን መልስ ጽፋችሁ «ላክ» ስትሉ ፕሮግራሙ ያስባል፣ ያስባል፣ በመጨረሻም «አልተላከም» ይላል።

ምክር የሚጀመረው እዚህ ጋ ነው። አንዱ «ፖርቱን 25 አድርገው» ይላል፤ ፖርት ፕሮግራሙ ሰርቨሩን የሚያንኳኳበት የበር ቁጥር በሉት። ሌላው «ኢንተርኔት የሚሰጥህን ድርጅት ጠይቅ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምስጠራውን አጥፋውና ሞክር» ይላል። ሰዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ እነዚህ ምክሮች የሠሩበት ዘመን ነበር። ዛሬ ግን ሰውን ቀኑን ሙሉ ያለ ውጤት ያደክማሉ። የመጨረሻውማ አደገኛ ነው።

እኔ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ሐሳብ ነው። የወጪ ሰርቨር ማለት የምትልኩትን ኢሜይል ተቀብሎ የሚያደርሰው ኮምፒውተር ነው፤ ሴቲንጉ አይገመትም። ትክክለኛውን የሚያውቀው የኢሜይል ሳጥናችሁን የያዘው ድርጅት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፖርቱ ስንት ነው?» መሆን የለበትም። «ሳጥኔ ያለው ማን ዘንድ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ከተመለሰ ሌላው የደቂቃ ሥራ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። መቀበል ከሠራ መላክስ ለምን እምቢ ይላል? ሁለቱ የተለያዩ መንገዶች ስለሆኑ ነው። የምትቀበሉት አይማፕ ወይም ፖፕ በሚባል አሠራር ነው። የምትልኩት ደግሞ ኤስኤምቲፒ በሚባል ሌላ አሠራር ነው። የሰርቨሩ ስም ሊለያይ ይችላል፣ ፖርቱ በእርግጠኝነት ይለያያል፣ የይለፍ ቃሉም ፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ከፖስታ ሳጥን ደብዳቤ ለማውጣት ቁልፉ ይበቃል፤ ለመላክ ግን የሚያደርስላችሁ ሰው ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የማንን ደብዳቤ እንደተሸከመ ማወቅ ይፈልጋል። የወጪ ሰርቨር ጠያቂ የሆነው ለዚህ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ጆን ፖስቴል የኤስኤምቲፒን ደንብ የጻፈው በኦገስት 1982 ነው። ያኔ ኔትወርኩ ትንሽ ነበር፣ ተጠቃሚዎቹም ጥቂት ነበሩ። ደንቡ ውስጥ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር የለም። ማንም ሰው መጥቶ «ይህን ለእገሌ አድርስልኝ» ካለ ሰርቨሩ ያደርሳል። በ1990ዎቹ ስፓም የሚባለው ያልተፈለገ የጅምላ ኢሜይል ሲመጣ ይህ ደግነት መዘዝ ሆነ። ስፓም ላኪዎች በሰው ሰርቨር ላይ በሺዎች የሚቆጠር መልእክት ይጭኑ ጀመር።

የሰርቨር ባለቤቶች በሩን መዝጋት ነበረባቸው። የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል ነበር። ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት የራሱን የወጪ ሰርቨር ያቆማል፤ ከራሱ መስመር ለመጣ ደንበኛ ብቻ ይልካል። መስመራችሁ መታወቂያችሁ ነበር ማለት ነው። «ኢንተርኔት የሚሰጥህን ጠይቅ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚያ ነው። ችግሩ ላፕቶፕ ይዞ ከቤት የወጣ ሰው ላይ ደረሰ። ሌላ መስመር ላይ ሲሆን ያው ሰርቨር «አላውቅህም» ይለዋል።

የዛሬው አሠራር የተጀመረው በ1998 መጨረሻ ነው። በዲሴምበር ፖርት 587 ለተጠቃሚዎች ለብቻው ተመደበ። በማርች 1999 ደግሞ ኤስኤምቲፒ የይለፍ ቃል መጠየቅ የሚችልበት ደንብ ወጣ። ከዚህ በኋላ ሥራው ተከፈለ። ፖርት 25 ሰርቨርና ሰርቨር የሚገናኙበት ሆነ፣ 587 ደግሞ ሰው ከፕሮግራሙ የሚልክበት። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎችም በቫይረስ የተያዘ ኮምፒውተር ስፓም እንዳይረጭ ብለው ፖርት 25ን በደንበኞቻቸው መስመር ላይ ዘጉት። ስለዚህ ዛሬ 25 ብላችሁ ብትሞክሩ ብዙ ጊዜ «ተከልክለሃል» የሚል መልስ እንኳ አታገኙም። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ጊዜው ያልቃል፣ በቃ።

465ስ? ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ግራ አጋብቷል፤ ምክንያትም አለው። በ1997 ገና ከመነሻው ለተመሰጠረ ግንኙነት ተብሎ ተመዘገበ። ወዲያው ደግሞ ተሰረዘ። በግልጽ ጀምሮ መሃል ላይ ወደ ምስጠራ የሚቀየረው፣ ስታርትቲኤልኤስ የሚባለው መንገድ ተመረጠ። ሰዎች ግን 465ን መጠቀም አላቆሙም። በጃንዋሪ 2018 የወጣ ደንብ 465ን በይፋ መልሶ አስገባው፣ እንዲያውም ተመራጭ አደረገው። እንግዲህ አንድ መመሪያ «465 የተሻረ ነው» ሲል፣ ሌላው «465ን ተጠቀሙ» ሲል ብታዩ አትደናገጡ። የተጻፈበትን ዓመት እዩ። በኢሜይል ሴቲንግ ጉዳይ ዓመት ያልተጻፈበት መመሪያ አልተማመንበትም፤ እናንተም ባትተማመኑበት ደስ ይለኛል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ ሳጥናችሁ ማን ዘንድ ነው?

አድራሻችሁ በጂሜይል ወይም በያሁ ስም የሚያልቅ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። ስሞቹን እየጠራሁ ልሂድ። ለጂሜይል የወጪ ሰርቨሩ ኤስኤምቲፒ ዶት ጂሜይል ዶት ኮም ነው፤ 465ም 587ም ይሠራል። ለያሁ ኤስኤምቲፒ ዶት ሜይል ዶት ያሁ ዶት ኮም ነው፣ ፖርቶቹም እንደ ጂሜይል ናቸው። ለአይክላውድ ኤስኤምቲፒ ዶት ሜይል ዶት ሚ ዶት ኮም ነው፣ በ587። ለግል የአውትሉክ አድራሻ ኤስኤምቲፒ ሰረዝ ሜይል ዶት አውትሉክ ዶት ኮም፣ በ587። ለመሥሪያ ቤት የማይክሮሶፍት 365 ሳጥን ደግሞ ኤስኤምቲፒ ዶት ኦፊስ365 ዶት ኮም፣ ይህም በ587። ፕሮቶን ሜይል ለየት ይላል። መልእክቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሚመሰጠር ብሪጅ የሚባል የራሱን ፕሮግራም መጫን አለባችሁ። ያኔ የወጪ ሰርቨራችሁ የራሳችሁ ኮምፒውተር ይሆናል፤ አድራሻው 127.0.0.1 ነው፣ ፖርቱንም ብሪጁ ራሱ ያሳያችኋል።

ከባዱ የራሳችሁ ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ ነው። የድርጅት ወይም የማኅበር ኢሜይል በሉት። ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለው የድርጅቱ ስም ስለሆነ ሳጥኑ ማን ዘንድ እንዳለ አይናገርም። ዶሜይኑን የሸጠው አንድ ኩባንያ፣ ዌብሳይቱን ያስቀመጠው ሌላ፣ ኢሜይሉን የያዘው ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ሰዎች ብዙ ጊዜ ዶሜይኑን ለሸጠው ይደውላሉ። እሱም የራሱን ሰርቨር ስም ይነግራቸዋል፣ አይሠራም።

እዚህ ላይ የኤምኤክስ መዝገብ የሚባል ነገር ይረዳናል። እያንዳንዱ ኢሜይል የሚቀበል ዶሜይን «ለእኔ የተላከ ኢሜይል እዚህ ይግባ» የሚል መዝገብ በይፋ ያስቀምጣል። ማንም ማየት ይችላል። ኤምኤክስ ሉክአፕ ብላችሁ የሚመጣው ገጽ ላይ ዶሜይናችሁን ብታስገቡ ይወጣላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ኤንኤስ ሉክአፕ የሚባለው ትእዛዝም ያሳያል። የሚወጣው ስም ውስጥ ጉግል ካለ ሳጥኑ ጉግል ዘንድ ነው፤ ያየነውን የጂሜይል ስም ትጠቀማላችሁ። ፕሮቴክሽን ዶት አውትሉክ ዶት ኮም ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ማይክሮሶፍት ዘንድ ነው። የራሳችሁ ዶሜይን ስም ተመልሶ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ዌብሳይቱን የያዘው ኩባንያ፣ ሆስቲንግ የሚባለው፣ ዘንድ ነው ማለት ነው። ሆስቲንጉ ሲፓነል የሚባለውን የመቆጣጠሪያ ገጽ የሚጠቀም ከሆነ ግቡና የኢሜይል አካውንቶችን ክፈቱ። ከአድራሻችሁ ጎን «ኮኔክት ዲቫይስስ» የሚል አለ። የወጪውም የገቢውም ሴቲንግ እዚያ ተዘርዝሮ ይገኛል፣ ስሙም ፖርቱም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኤምኤክሱ ላይ ያያችሁትን ስም ገልብጣችሁ የወጪ ሰርቨር ቦታ ላይ አትለጥፉ። ያ የሌሎች ሰዎች ኢሜይል ወደ እናንተ የሚገባበት በር ነው። እናንተ የምትልኩበት ሌላ ነው። መዝገቡን የምናየው ባለቤቱን ለማወቅ ብቻ ነው። ሌላው፣ አንዳንድ ድርጅቶች ከሳጥናቸው ፊት ስፓም የሚያጣራ አገልግሎት ያስቀምጣሉ። ያኔ መዝገቡ የሚያሳየው አጣሪውን ነው እንጂ ሳጥኑን የያዘውን አይደለም። የማታውቁት ስም ከወጣ የድርጅቱን የአይቲ ሰው ጠይቁ። ጥያቄያችሁም ግልጽ ይሁን። «ኢሜይሌ አይሠራም» ከማለት «የኤስኤምቲፒ ሰርቨር ስም፣ ፖርት፣ የምስጠራ ዓይነትና የማረጋገጫ ዓይነት ይንገሩኝ» ብትሉ መልሱ ቶሎ ይመጣል።

አቋራጭ መንገድም አለ። ያው አድራሻ ስልካችሁ ላይ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ላይ በደንብ እየላከ ከሆነ ሴቲንጉ እዚያው አለ። አይፎን ላይ የአካውንቱን ዝርዝር ስትከፍቱ ታች ላይ ኤስኤምቲፒ የሚል ታገኛላችሁ። አካውንቱ ኤክስቼንጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት አሠራር የተገናኘ ከሆነ ግን አይታይም።

ተንደርበርድ ራሱም ይፈልግላችኋል። አድራሻችሁን ስታስገቡ ዶሜይናችሁ የራሱ ማዋቀሪያ ፋይል እንዳለው ይጠይቃል፣ ከዚያ በብዙ አቅራቢዎች ሴቲንግ የተሞላ የራሱን የመረጃ ቋት ያያል፣ ኤምኤክሱንም ያያል። ሁሉም ካልሠራ ከዶሜይኑ ፊት ኤስኤምቲፒ፣ ሜይል እያለ የተለመዱ ስሞችን ይሞክራል። ሲያገኝ ከየት እንዳገኘ አንድ መስመር ይጽፋል። ያቺን መስመር አንብቧት። «ከአቅራቢው» ወይም «ከመረጃ ቋቱ» ካለ እመኑት። «የተለመዱ የሰርቨር ስሞችን በመሞከር» ካለ ግን ፕሮግራሙ ገምቷል። ግምቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሳታረጋግጡ ግን አትለፉ።

አሁን «ላክ» ስትሉ ከመጋረጃው ጀርባ የሚሆነውን ላሳያችሁ። በ587 እንሂድ። ፕሮግራማችሁ በሩን ያንኳኳል። ሰርቨሩ የሚመልሰው በቁጥር ነው፤ 220 ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ስሙን ይናገራል። ሰርቨሩ የሚችለውን በ250 ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ስታርትቲኤልኤስ አለ። ፕሮግራሙ «እንመስጥር» ይላል፣ ሰርቨሩ እሺ ይላል፣ ከዚህ በኋላ መሃል ላይ ያለ ሰው የሚያየው የለም። ከዚያ ማንነት ይጠየቃል። የይለፍ ቃሉ ልክ ከሆነ 235፣ ካልሆነ 535። ከዚያ ከማን፣ ለማን፣ ጽሑፉ፤ መጨረሻ ላይ 250። ይህ ሁሉ ከአንድ ሁለት ሰከንድ አያልፍም።

በ465 ግን ቅደም ተከተሉ ይለያል። ሰርቨሩ ምስጠራ ሳይጀመር ቃል አይተነፍስም፤ መጀመር ያለበት ፕሮግራሙ ነው። እዚህ ላይ ፖርቱን 465 አድርጋችሁ ምስጠራውን ስታርትቲኤልኤስ ብትመርጡ የሚሆነውን አስቡት። ፕሮግራሙ የሰርቨሩን ሰላምታ ይጠብቃል። ሰርቨሩ የፕሮግራሙን ምስጠራ ይጠብቃል። ሁለቱም ዝም። ከውጭ ሲታይ ኢንተርኔት የተቋረጠ ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሩና የምስጠራው ዓይነት ተጣምረው ነው የሚሄዱት፤ 465 ከመነሻው ከሚመሰጥረው ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ጋር፣ 587 ከስታርትቲኤልኤስ ጋር። እኔ እስካየሁት ስሙን በትክክል አግኝቶ እዚህ ላይ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው።

«ምስጠራውን አጥፋው» የሚለውን ምክር ለምን እንደምጠላው አሁን ይገባችኋል። ያለ ምስጠራ የይለፍ ቃላችሁ በመስመሩ ላይ የሚሄደው ማንም ሰው ባፍታ መልሶ ሊያነበው በሚችል መልክ ነው። ያ የይለፍ ቃል ደግሞ የገቢ ሳጥናችሁም ቁልፍ ነው። የሌላ አካውንታችሁ ሁሉ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ የሚመጣው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። እባካችሁ፣ ለሙከራ ብላችሁም አታጥፉት።

ስለ ይለፍ ቃል ካነሳን አይቀር፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው 535 የፊደል ስህተት አይደለም። ጉግል ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በግል አካውንት ላይ ተራውን የይለፍ ቃል ከእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች መቀበል አቁሟል። ማይክሮሶፍትም በሴፕቴምበር 2024 በግል የአውትሉክ አካውንቶች ላይ እንዲሁ አድርጓል። የቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንዱ ኦኦት2 ይባላል። ፕሮግራሙ የአቅራቢውን መግቢያ ገጽ ይከፍታል፣ እናንተ እዚያ ትገባላችሁ፣ ፕሮግራሙ ፈቃድ ብቻ ይቀበላል። ተንደርበርድ ይችላል። የማረጋገጫ ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ መመረጡን አረጋግጡ፤ ለገቢው ተመርጦ ለወጪው «ተራ የይለፍ ቃል» ሆኖ የቀረበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ሌላው መንገድ የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ነው፣ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ተብሎ ለብቻው የሚሰጥ፤ ያሁና አይክላውድም ይሰጣሉ። ጉግል ላይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበራችሁ በኋላ ባለ 16 ፊደል ይለፍ ቃል ይሰጣችኋል። ለግል የማይክሮሶፍት አካውንት ግን ይሄኛው አያዋጣም፣ ኦኦት2 ነው። የተጠቃሚ ስም ሲባል ደግሞ ሙሉውን የኢሜይል አድራሻ ጻፉ።

የቆየውን አውትሉክ ለምትጠቀሙ፣ ተጨማሪ ሴቲንጎች ውስጥ የወጪ ሰርቨር የሚል ገጽ አለ። «የወጪ ሰርቨሬ ማረጋገጫ ይፈልጋል» የምትለዋ ሳጥን ምልክት ከሌለባት ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ሳይሰጥ ለመላክ ይሞክራል። ሰርቨሩም በ530 ወይም በ550 ይመልሰዋል፤ መልእክቱ ውስጥ «ሪሌይ» (ማስተላለፍ) የሚል ቃል ካያችሁ መጀመሪያ ይህችን ሳጥን እዩ።

ተንደርበርድ ላይ ደግሞ የአካውንት ሴቲንግ ገጽ ላይ በግራ በኩል የሁሉም አካውንቶች ዝርዝር አለ፤ ከታች ብቻውን የወጪ ሰርቨር የሚለው ተቀምጧል። ከአካውንቶቹ ተነጥሎ መቀመጡ ብዙ ሰው እንዳያየው ያደርጋል። እያንዳንዱ አካውንት ደግሞ በራሱ ገጽ ግርጌ ላይ ከነዚህ ሰርቨሮች አንዱን ይመርጣል። ሁለት ሦስት አድራሻ ያላችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ በግል ጂሜይላችሁ የወጪ ሰርቨር በኩል እየላከ ሊሆን ይችላል። ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም። ነገር ግን ጂሜይል የማያውቀውን የላኪ አድራሻ በራሱ አድራሻ ይቀይረዋል፤ ተቀባዩ ከግል አድራሻችሁ እንደመጣ ያየዋል። ሌሎች ሰርቨሮች ደግሞ ሳይቀይሩ ያሳልፉታል፣ ያኔ ሌላ ችግር ይመጣል። ዶሜይኖች «በእኔ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው» የሚል ኤስፒኤፍ የሚባል መዝገብ አላቸው። ከመዝገቡ ውጭ ከሆነ ሰርቨር የመጣ መልእክት ተቀባዩ ዘንድ ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ላኪው «ላክሁ» ይላል፣ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ከመጣ «ቀጥል» ብላችሁ አትለፉት፤ ሰርተፍኬት የሰርቨሩ መታወቂያ ነው። ብዙ ደንበኛ በሚጋራው ሆስቲንግ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ እናንተ ሜይል ዶት ዶሜይናችሁን ጽፋችኋል፣ ሰርተፍኬቱ ግን የተሰጠው በሆስቲንጉ ሰርቨር ስም ነው። የሲፓነሉ ገጽ ላይ የተጻፈውን ስም አስገቡ፤ ከሰርተፍኬቱ ጋር ከገጠመ ማስጠንቀቂያው በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ሆስቲንጉን ጠይቁ።

አንድ ሰው አስቀድሞ «መልእክቱ ተልኳል፣ ግን ኮፒው ሴንት ፎልደር ውስጥ አልገባም ይለኛል፤ ኤስኤምቲፒውን ልቀይረው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አትንኩት። ኮፒውን ሴንት ውስጥ የሚያስቀምጠው አይማፕ ነው፣ ከወጪ ሰርቨሩ ጋር አይገናኝም። «አልተላከም» መስሏችሁ ደጋግማችሁ ብትልኩ ተቀባዩ ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ያገኘዋል። መስተካከል ያለበት የፎልደሩ ምርጫ ነው።

ሲሠራ ደግሞ እንዲህ ፈትኑት። አንድ መልእክት ለራሳችሁ፣ አንድ ደግሞ ሌላ አቅራቢ ዘንድ ላለ አድራሻ ላኩ፤ ጂሜይል ቢሆን ይመረጣል። ጂሜይል ላይ መልእክቱን በብሮውዘር ክፈቱና ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ምረጡ። ከላይ ኤስፒኤፍና ዲኪም (በዶሜይኑ ስም የሚደረግ ዲጂታል ፊርማ) የሚሉ መስመሮች አሉ፤ ከጎናቸው «ፓስ» የሚል ታያላችሁ። ሁለቱም ካለፉ በተፈቀደለት ሰርቨር በኩል ልካችኋል። ኤስፒኤፍ ከወደቀ ተመልሳችሁ አካውንቱ የትኛውን የወጪ ሰርቨር እንደመረጠ እዩ። እሱ ልክ ከሆነና አሁንም ከወደቀ ችግሩ ኮምፒውተራችሁ ላይ አይደለም። የዶሜይኑ መዝገብ መታረም አለበት፤ ያንን የሚያደርገው ዶሜይኑን የሚያስተዳድረው ሰው ነው፣ «ሾው ኦሪጂናል» ላይ ያያችሁትን ገልብጣችሁ ላኩለት።